ጌም፣ አኒሜሽን፣ ፊልም፦ ወደ ሙያው የሚያስገባው መንገድ የቱ ነው?

ልጃቸው ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሮ ሲሥል፣ ቪዲዮ ሲቆርጥና ሲቀጥል ወይም ጌም ለመሥራት ሲታገል የሚያዩ ወላጆች አንድ ጥያቄ ያነሳሉ፦ ይህ ነገር እንጀራ ይሆናል ወይ? ተገቢ ጥያቄ ነው። ሕክምና ወይም ምሕንድስና ለመማር የት እንደሚገባ፣ ስንት ዓመት እንደሚፈጅና ሲያልቅ ምን እንደሚያስገኝ ሁሉም ያውቃል። የጌም፣ የአኒሜሽንና የፊልም ሥራ መግቢያው እንዲህ በግልጽ አይታይም።

ቢሆንም የገቡበት አሉ። ዳዊት አብርሃም የመሠረተው ቅኔ ጌምስ ከአሳዳጇ የምታመልጥ ዶሮን ዋና ገጸ ባሕርይ ያደረገ «ኩኩሉ» የተሰኘ የስልክ ጌም አዲስ አበባ ላይ ሠርቷል፤ ገበጣንም ከሰሌዳው ወደ ስልክ አምጥቶታል። በሥራት ደበበ በኤታን ኮሚክስ በኩል «ጀምበር» የተባለውን የልዕለ ጀግና ኮሚክ እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል፤ «ሐዊ» የተባለችው ጀግናም ተከትላዋለች። ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር ያቋቋሙት ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተሰኘው ፕሮግራሙ አንዲት ጠያቂ ቀጭኔን የብዙ ሕፃናት ጓደኛ አድርጓታል።

የብሩክታዊት መንገድ በተለይ ሊጤን ይገባዋል። እሷ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች፤ ሼን ደግሞ የሶፍትዌር ባለሙያ። አሻንጉሊት መሥራትና ማንቀሳቀስ፣ ድምፅ መስጠት፣ መቅረጽና ማቀናበር የተማሩት እየሠሩ ነው። ይዘውት የመጡት ሀብት ሌላ ነበር። ሕፃን ልጅ ምን ሲነገረው እንደሚያዳምጥ፣ መቼስ ሐሳቡ እንደሚበተን ብሩክታዊት ከመማሪያ ክፍል ታውቃለች። ፕሮግራሙ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ፤ እሷም እ.ኤ.አ. በ2010 የሮሌክስ ወጣት ተሸላሚ ሆነች። ድርጅቱ በኋላ «ጥበብ ገርልስ» የተባለውን አኒሜሽን እስከመሥራት ደርሷል። ወደዚህ ሙያ የሚመጣ ሰው ከሌላው ሕይወቱ የሚያመጣው እውቀት ከሶፍትዌሩ በላይ ዋጋ የሚያወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ሶፍትዌሩንማ ማንም ጊዜ ሰጥቶ ይማረዋል።

«ጌም መሥራት እፈልጋለሁ» የሚል ወጣት አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ግን አለ፦ ከጌም ሥራ የትኛውን? አንድ ጌም የጨዋታውን ሕግና ፈተናውን የሚቀይስ ዲዛይነር፣ ሕጉን ወደ ኮድ የሚለውጥ ፕሮግራመር፣ ገጸ ባሕርያቱንና አካባቢውን የሚሥሉ ሠዓሊዎች፣ እንቅስቃሴ የሚሰጣቸው አኒሜተር፣ የድምፅና የሙዚቃ ባለሙያ፣ ጸሐፊ፣ ጊዜና ገንዘብ የሚቆጣጠር ፕሮዲውሰር፣ ስሕተት እየለቀመ የሚመዘግብ ሞካሪ ይፈልጋል። በአኒሜሽን ፊልምም ስቶሪቦርድ የሚሥለው፣ ለገጸ ባሕርይው የሚታጠፍ አጥንትና መገጣጠሚያ የሚሠራለት፣ ብርሃኑን የሚያበጀው፣ ምስሎቹን አዋሕዶ የሚጨርሰው የተለያየ ሰው ሊሆን ይችላል። በትልልቅ ስቱዲዮዎች አንድ ሠዓሊ ለረጅም ጊዜ ዛፍና ሕንፃ ብቻ ሊሠራ ይችላል። ጥቂት ሰዎች ባሉበት የአዲስ አበባ ቢሮ ያው ሰው የሦስት ሰው ሥራ ይሸፍናል። ስለዚህ በአንዱ ሙያ ጠልቆ፣ ከጎኑ ያሉትን ደግሞ ባለሙያዎቹ ሲነጋገሩ እስከመረዳት ድረስ መልመድ የሚያዋጣ ይመስላል።

መጫወት መውደድ ይህን አይተካም። ፕሌይስቴሽን ቤት የሚያመሽ ልጅ ጥሩ ጨዋታን ከመጥፎው የሚለይ ዓይን ያዳብር ይሆናል። ሞካሪ ሆኖ ሲቀጠር ግን ሥራው አንዱን በር በመቶ ዓይነት መንገድ ከፍቶ የቱ ጋ እንደሚበላሽ ለፕሮግራመሩ በሚገባ ቋንቋ መጻፍ ነው።

ትምህርት ቤትስ? በስኮትላንድ ደንዲ ከተማ የሚገኘው አበርቴይ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ጌም ዲግሪ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ደንዲ «ሌሚንግስ» የተባለው ዝነኛ ጌም የተሠራባት ከተማ በመሆኗ ትምህርቱ የበቀለው ከኢንዱስትሪው ጎን ነበር። በአሜሪካ ሬድመንድ ከተማ ያለው ዲጂፔን የቴክኖሎጂ ተቋም ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ጥቂት ተማሪዎቹ ለመመረቂያ «ናርባኪውላር ድሮፕ» የተባለ ትንሽ ጌም ሠሩ፤ ሐሳቡ ግድግዳ ላይ ሁለት በሮች ከፍቶ በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት ነው። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ጌሙን እ.ኤ.አ. በ2005 አይቶ ቡድኑን እንዳለ ቀጠረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ሐሳብ «ፖርታል» ሆኖ ወጣ፤ እስከ ዛሬም ከምርጥ ጌሞች ተርታ ይጠራል። ቫልቭን የማረከው ተማሪዎቹ ሠርተው የጨረሱት ጌም ነው። ትምህርት ቤቱ የሰጣቸው ደግሞ አብሮ የሚሠራ ሰው፣ ጊዜና የማይታለፍ የማስረከቢያ ቀን ነው። እነዚህን ሦስቱን በሌላ መንገድ ማግኘት የሚችል ሰው የትምህርት ቤቱን ግማሽ ጥቅም አገኘ ማለት ይቻላል።

በኢትዮጵያ ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልጉት ክፍሎች በየቦታው አሉ። አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ከ60 ዓመት በላይ ሠዓሊዎችን አፍርቷል። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሙዚቀኛ ያወጣል፤ ሁለቱም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ናቸው። ዩኒቨርሲቲው የቴአትር ጥበባትም የኮምፒውተር ሳይንስም ያስተምራል። በሲኒማ በኩል ብሉ ናይል የፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚ ለዓመታት ባለሙያ ሲያሠለጥን ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነውና ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር የሚካሄደው «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» ፕሮግራም የፕሮግራሚንግና የአንድሮይድ መተግበሪያ መሠረታዊ ትምህርት በነፃ ያቀርባል። የጎደለው ሠዓሊው፣ ሙዚቀኛውና ፕሮግራመሩ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚገናኙበት ቦታ ነው። የአለ ምሩቅ ሥዕሉ በኮድ ሲንቀሳቀስ ሳያይ ይመረቃል፤ የኮምፒውተር ሳይንሱ ተማሪም በመመረቂያው የሆስፒታል ወይም የቤተ መጻሕፍት ማኔጅመንት ሲስተም ሠርቶ ይወጣል።

ብቻውን የተማረ ሰው ምን ያህል ይሄዳል ለሚለው ሁሉም የሚጠራው ኤሪክ ባሮንን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ ሥራ ሲያጣ ፕሮግራሚንጉን ለማሻሻል አንድ የእርሻ ጌም ጀመረ። ሥዕሉን፣ ሙዚቃውን፣ ታሪኩንና ኮዱን ሁሉ ለብቻው ለአራት ዓመት ተኩል ሠርቶ «ስታርዱ ቫሊ»ን በየካቲት 2016 አወጣ፤ ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ክፍል ግን አለ። በእነዚያ ዓመታት ባሮን ቴአትር ቤት ውስጥ ተመልካች የማስገባት የትርፍ ሰዓት ሥራ ይሠራ ነበር፤ የቤቱንም ወጪ በአብዛኛው የተሸከመችው የሕይወት አጋሩ ናት። ራስን ማስተማር ነፃ አይደለም። ያለ ደመወዝ ያለፈውን ጊዜ የሚከፍል ሰው ያስፈልጋል። ይህን ዓይነት ድጋፍ የሌለው ወጣት ቀን እየሠራ ማታ የሚጨርሰው ትንሽ ሥራ ቢመርጥ ይሻለዋል።

መሣሪያው ራሱ እንደ ድሮው ውድ አይደለም። ብሌንደር የተባለው የስሪ-ዲ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠቃሚዎች 100,000 ዩሮ አዋጥተው ለሁሉም ክፍት እንዲሆን አድርገውታል። የላትቪያው ጊንትስ ዚልባሎዲስ በዚህ ነፃ ሶፍትዌር የሠራው «ፍሎው» የተባለ ቃል አልባ ፊልም በ2025 የምርጥ አኒሜሽን ኦስካርን ወሰደ። በጀቱ 3.5 ሚሊዮን ዩሮ አካባቢ ሲሆን፣ ለሽልማቱ የተፎካከሩት የሆሊውድ ፊልሞች ከዚህ ብዙ እጥፍ የፈጁ ነበሩ። ጌም ከሚገነባባቸው ሶፍትዌሮች፣ ከጌም ኢንጂኖች፣ ደግሞ አርጀንቲናውያን የፈጠሩት ጎዶ በነፃ ይገኛል፤ አቅሙ አነስተኛ በሆነ ላፕቶፕም ይሠራል። ዩኒቲ የተባለው ኢንጂን ባለቤት ኩባንያ በመስከረም 2023 ጌም በተጫነ ቁጥር ክፍያ እጠይቃለሁ ሲል ብዙ ገንቢዎች ተቆጥተው ወደ ሌላ ኢንጂን ማማተር ጀመሩ፤ ኩባንያውም ከዓመት በኋላ ዕቅዱን ሰረዘ። መሣሪያ ይለዋወጣል። ስለዚህ ሎጂኩን፣ የቀለምና የብርሃን ሕጉን፣ የእንቅስቃሴውን መርሕ የሚማር ሰው ቁልፎቹን ብቻ ከሚሸመድደው ይልቅ ዕድሜ አለው።

በኬፕ ታውን የሚገኘው ትሪገርፊሽ ስቱዲዮ በአካዳሚው በኩል የአኒሜሽን ትምህርት በኢንተርኔት በነፃ ማቅረቡን እዚህ ላይ መጥቀስ ያስፈልጋል፤ አፍሪካውያን አፍሪካውያንን የሚያስተምሩበት በመሆኑ ለጀማሪ ጥሩ መነሻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ አመልካቹ ሥራውን ወደሚያሳይበት ስብስብ፣ ወደ ፖርትፎሊዮው እንምጣ። የስቱዲዮ ቀጣሪ ለአንድ አመልካች የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። አኒሜተር ከሆነ አንድ ደቂቃ ከምናምን የማይበልጥ የሥራ ማሳያ ቪዲዮ (ሾውሪል)፣ ምርጡ ሥራ መጀመሪያ ላይ ተቀምጦ ይበቃል። የዲዝኒዎቹ ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1981 በመጽሐፋቸው የዘረዘሯቸው 12 የአኒሜሽን መርሖች ዛሬም የሚፈተኑት በቀላል ልምምድ ነው፦ የምትነጥር ኳስ፣ የሚራመድ ሰው፣ ከባድ ነገር የሚያነሳ ሰው። ኳሷ የብረት ትሁን የላስቲክ አነጣጠሯን አይቶ ማወቅ ካልተቻለ ዘንዶና ፍንዳታ ቢጨመርበት አይጠቅምም። ፕሮግራመር የሚከፈትና የሚጫወቱት ጌም፣ ከሥሩም ሌላ ሰው አንብቦ የሚረዳው ኮድ ያቀርባል። የድምፅ ባለሙያ ከአንድ ትዕይንት ድምፁን አጥፍቶ ከርምጃው እስከ ዝናቡ ራሱ የሠራውን ያለብሰዋል። ጸሐፊ ደግሞ ትዋይን በተባለው ነፃ መሣሪያ አንባቢው የሚመርጥበት አጭር ታሪክ መሥራት ይችላል፤ ኮድ ማወቅ አይጠበቅበትም።

ሁለት ነገሮች ፖርትፎሊዮን ያበላሻሉ። አንደኛው የዩቲዩብ ትምህርትን ቃል በቃል ቀድቶ ማቅረብ ነው፤ ቀጣሪው ያንኑ ሥራ ከሌሎች አመልካቾች ዘንድ አይቶታል። ሁለተኛው በቡድን የተሠራን ሥራ «የእኔ» ማለት ነው። «ብርሃኑን እኔ ሠራሁ፣ ሞዴሉ የጓደኛዬ ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ከሰው ጋር መሥራት እንደሚችልም አብሮ አስመሰከረ።

የጀማሪ ትልቁ ጠላት የሥራው መጠን ነው። ብዙ ወጣት የሚጀምረው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚጫወቱት፣ የአክሱምን ዘመን በሙሉ የሚያሳይ ጌም አልሞ ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ፋይሉ ተዘግቶ ይቀራል። ከዚህ የሚያድነው በ48 ሰዓት ገደማ ጌም ሠርቶ የሚጨረስበት «ጌም ጃም» ነው። ግሎባል ጌም ጃም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በየዓመቱ በብዙ አገሮች የሚካሄድ ሲሆን፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ቡድን ፈጥረው አብዛኛውን ጊዜ ከዓርብ እስከ እሑድ አንድ ጌም ይጨርሳሉ። የሚወጣው ጌም ብዙ ጊዜ ጉድለት አያጣም፤ ተሳታፊው ግን መቁረጥን ይማራል፦ ሰዓቱ ሲጠብ የትኛው ገጸ ባሕርይ፣ የትኛው ደረጃ ይቅር? በደመወዝ ሲሠራም በየቀኑ የሚጠብቀው ይኸው ጥያቄ ነው።

በአገር ቤት ያለው የልምምድ ሜዳ ብዙ ጊዜ አይከበርም፤ ሊከበር ይገባል። ከዛሬዎቹ የካሜራና የኤዲቲንግ ባለሙያዎች ብዙዎቹ እጃቸውን ያፍታቱት በሠርግ ቀረጻ፣ በሙዚቃ ክሊፕና በማስታወቂያ ነው። ሠርግ ድገመው አይባልም። ብርሃኑ በየደቂቃው ይለዋወጣል፣ ድምፁ ይረበሻል፣ ደንበኛው ሥራውን በቀጠሮው ይጠብቃል። ይህን የቻለ ሰው ፊልም ላይ ሲሄድ አይደነግጥም። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ እያስተረጎመ ማቅረብ ሲጀምር የአገር ውስጥ የፊልም ሠሪዎች ገበያችንን ይሻማል ብለው አቤት ማለታቸው ይታወሳል፤ ስጋታቸውም መሠረት ነበረው። በሌላ በኩል ግን ተርጓሚ፣ የድምፅ ተዋናይና የድምፅ ቴክኒሻን ደመወዝ እየተከፈላቸው በየቀኑ የሚሠሩበት ትልቅ የሥልጠና ቦታ ተፈጥሯል። የከንፈር እንቅስቃሴ ገጥሞ አማርኛው ሳይሰበር የሚተረጉም ሰው ነገ ለጌምም ለአኒሜሽንም ያስፈልጋል።

ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ልምድም የሚቀሰም አለ። የጋናው ኤይራም ታዊያና የኬንያው ዌስሊ ኪሪንያ ሌቲ አርትስን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። የካሜሩኑ ኪሮ ጌምስ «አውሪዮን»ን ለመጨረስ ከሕዝብ ገንዘብ አሰባስቦ በ2016 ለገበያ አበቃ። በሌጎስ ማሊዮ ጌምስ ጌም አፕ አፍሪካ በተባለ ፕሮግራም ወጣቶችን ያሠለጥናል። በ2022 ደግሞ ቅኔ ጌምስን ጨምሮ ከልዩ ልዩ አገሮች የተውጣጡ ስቱዲዮዎች የፓን አፍሪካ ጌሚንግ ግሩፕን አቋቋሙ። የዛምቢያዋ ማሌንጋ ሙሌንዴማ በ2015 የትሪገርፊሽን የታሪክ ውድድር ካሸነፉት አንዷ ነበረች፤ የሉሳካ ልጃገረዶችን ጀግና ያደረገው «ሱፓ ቲም 4» በኔትፍሊክስ የታየው በሐምሌ 2023 ነው። ከሐሳብ እስከ ስክሪን ስምንት ዓመት ፈጀ። ኩጋሊ የተባለው የአፍሪካ ኮሚክ አሳታሚም ከዲዝኒ ጋር የሌጎሱን «ኢዋጁ» በየካቲት 2024 አቅርቧል። እነዚህ ሁሉ ወደ ትልቁ መድረክ የወጡት ከዚያ በፊት በትንሹ ሜዳ ሥራ እየጨረሱ ስለቆዩ ነው።

ለወላጅ መደበቅ የማይገባ መጥፎ ዜናም አለ። ማይክሮሶፍት አክቲቪዥን ብሊዛርድን በ69 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከገዛ ከሦስት ወር ጥቂት በኋላ፣ በጥር 2024፣ ከጌም ክፍሉ 1,900 ሠራተኞችን አሰናበተ። በየካቲት ሶኒ ፕሌይስቴሽን 900 ያህል ቀነሰ። የብዙ ዓመት ልምድ ያላቸው ሰዎች ከጀማሪ ጋር ለአንድ ወንበር ተሰልፈዋል። የማስረከቢያ ቀን ሲደርስ ለሳምንታት ያለ ዕረፍት ማሠራትም የዚህ ኢንዱስትሪ የቆየ በሽታ ነው። እዚህ ሙያ ውስጥ መግባት የሚፈልግ ሰው ችሎታው በማስታወቂያ፣ በትምህርት ይዘትና በመተግበሪያ ሥራም እንዲያበላው አድርጎ መዘጋጀት አለበት።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደግሞ ሌላ ፍርሃት ጨምሯል። የአሜሪካ የጌም ድምፅ ተዋንያን ከሐምሌ 2024 ጀምሮ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ሥራ ያቆሙት ድምፃቸውና እንቅስቃሴያቸው ያለ ፈቃዳቸው በማሽን እንዳይቀዳ ነው። ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ለማስታወቂያ ወይም ለትርጉም ድራማ ድምፁን የሚሰጥ ሰው ውሉ ውስጥ ቅጂው ለምን እንደሚውል የሚገልጽ አንቀጽ መጠየቅ ይኖርበታል። የኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪን መብት ይጠብቃል። ሆኖም በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ በውል ሌላ ስምምነት ካልተደረገ በቀር፣ የአሠሪው እንደሚሆን መታወቅ አለበት። «በወዳጅነት» ተሥሎ የተሰጠ ገጸ ባሕርይ በኋላ የብዙ ጸብ ምንጭ ይሆናል። አንድ ገጽ ውል መጻፍ የዝግጅቱ አካል ነው።

መሸጥም እንዲሁ። የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»ን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲጨርሱ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልላቸው አጡ። ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ በየከተማው ማኅበረሰብ እያስተባበሩ ራሳቸው አሳዩት። በዋሽንግተን ዲሲ የከፈቱት የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብርም የፊልሙን ስም ይዟል። በዛሬይቱ ኢትዮጵያ አብዛኛው ተጫዋች ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ የለውም፤ ስለዚህ በ2021 የጀመረው ቴሌብርና በ2023 የገባው ኤምፔሳ ለጌም ሠሪው ትልቅ ነገር ናቸው። ጥቂት ብር በስልክ መቀበል የሚችል ጌም እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ባለሙያ ከአንድ ጎበዝ ሠዓሊ እኩል ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ሌላው ዓለም የሌለው ጥቅም የሚያገኝባቸው ሁለት መስኮችም አሉ። የመጀመሪያው ስልኩ ነው። ሰዉ የሚይዘው ስልክ ማስታወሻው አነስተኛ፣ የኢንተርኔት ጥቅሉም ውድ ስለሆነ ጌሙ በመጠን ማነስና በፍጥነት መሥራት አለበት። በዚህ ሁኔታ ውስጥ የሠለጠነ ፕሮግራመር የትም ተፈላጊ ነው። ሁለተኛው ፊደሉ ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ቢገባም በጌም ውስጥ በአማርኛ የሚነበብ ጽሑፍ እምብዛም አይታይም። ለስክሪን የሚያምር ፊደል የሚቀርጽ፣ ምናሌውንና ንግግሩን በሚጣፍጥ አማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ የሚጽፍ ሰው ገና አልሞላም። ለጌም የሚሆን ጥሬ ዕቃም ሞልቷል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት ብቻ ከ100 በላይ የገበጣ አጨዋወት ዓይነቶችን ከኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ መዝግበዋል፤ ወደ ስልክ የመጡት ከዚህ ውስጥ በጣም ጥቂቱ ናቸው።

ለጀማሪው የሚቀርበው ምክር አጭር ነው፦ በሦስት ወር የሚያልቅ አንድ ሥራ ይምረጥ፣ አንድ ጓደኛ ይፈልግ፣ ጨርሶ ሰው እጅ ላይ ያድርሰው፤ ቀጥሎ ሌላ ይጀምር። ለስቱዲዮዎች ደግሞ፣ በዓመት ሁለት ተለማማጅ እንኳ ቢሆን በክፍያ ይቀበሉ። ከሁሉ በላይ የሚጠየቁት ግን ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ሠዓሊ፣ ሙዚቀኛ፣ የቴአትር ሰውና ፕሮግራመር በአንድ ተቋም እያስተማሩ ለየብቻ ማስመረቅ የሚያሳዝን ብክነት ነው። አዲስ ሕንፃም አዲስ የትምህርት ክፍልም ሳይጠብቁ፣ የአራቱ ክፍሎች ኃላፊዎች ተነጋግረው ለሚቀጥለው ዓመት ተመራቂዎች አንድ የጋራ የመመረቂያ ፕሮጀክት ይፍቀዱ።